ጌጡና ጌጥ ሠሪው
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ስለ ጌጥና ስለ ጌጥ ሠሪው ነው።

እናቶቻችን በበዓል ቀን የሚያደርጉት ድሪ፥ አልቦ፥ አምባርና ጉትቻ ከምን ተሠራ? አብዛኛው የዱሮ ጌጥ የተሠራው ከጠገራ ብር ነው። በላዩ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኛው ይህን በከሰል እሳት ያቀልጠዋል፥ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፥ እንደ ክር ያቀጥነዋል። እንዲህ የተሠራው ጌጥ ለባለቤቲቱ ውበትም ጥሪትም ነበር፤ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ተሽጦ ቤት ያድናልና።

ወርቅ ሠሪውም ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ሊቃውንት የቅኔን ምሥጢር «ሰምና ወርቅ» ብለው የሰየሙት ከዚህ ሥራ ወስደው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የምንኮራበት ቅኔ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ቤት ሲሆን፥ ባለ እጁን ግን ጠይብ ነው፥ ቡዳ ነው እያልን ስንሸሸው ኖረናል።

ምስክራችን ሩቅ አይደለም። ከጎንደር በስተ ሰሜን፥ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃ አለች። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል፥ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፥ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ገበሬው በማረሻቸው አረሰ፥ ባልቴቷ በምጣዳቸው ጋገረች፤ ስማቸው ግን በስድብ ይጠራ ነበር። ሴቶቹ የሚሠሯቸውን ትንንሽ የሸክላ ምስሎች እንግዶች እየገዙ ወደ ውጭ አገር ይዘዋቸው ሄዱ። ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺ የሚበልጡት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ጎረቤት ሲሄድ ሙያውም አብሮት ይሄዳል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን ስለ ሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጅ ግን አፍን ቢከለክል የልብን ንቀት አይነቅልም። እርሱን የሚነቅለው ትምህርት ነው።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በወሎ፥ በደላንታ ወረዳ፥ በወገል ጤና አካባቢ በ2000 ዓ.ም. ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ተገኘ። ሲያዘነብሉት ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ያበራል። ነገር ግን ብዙው ሳይቀረጽ፥ ሳይወለወል ተሽጦ የባዕድ እጅ አስጊጦታል። ድንጋዩን አምላክ ሰጠን፤ የጐደለው የተከበረ እጅ ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጃችሁ አንጥረኛ ልሁን ቢል አትፈሩ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ጌጥ ስታደርጉ የሠራውን ሰው ስም ጠይቁ፤ ስታገኙትም ቀድማችሁ ሰላም በሉት።