ካርታ በባንክ እጅ ሲገባ



የሽሮ ሜዳ ሸማኔም ሆነ ባለሱቁ ዳጎስ ያለ ብድር ከባንክ ሲጠይቅ የሚባለው «ካርታ አምጣ» ነው። በቀበሌ ቤት የሚኖረውማ የሚያስይዘው የለውም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አበዳሪ የመያዣውን ቤት ከሕግ ሥርዓት ውጪ እንዲሸጥ የሚፈቅድን ውል ዋጋ ቢስ አድርጎት ነበር። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ግን ለባንኮች ልዩ መብት ሰጠ። በውሉ ላይ ከተፈረመና ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል። የሐራጁን ሥርዓት ቢጥስ ለጉዳቱ ኃላፊ ነው ይላል አዋጁ። ቤተሰብ ከተበተነ በኋላ የሚመጣ ካሣ ምን ይፈይዳል?

ባንክ ያበደረውን አያስመልስ አንልም፤ ገንዘቡ የአስቀማጩ ሕዝብ ነው። የምንለው፣ የቤቱን ግምት ገለልተኛ ባለሙያ ያውጣ፤ ተበዳሪው በ30ው ቀን ውስጥ አቤት የሚልበት ችሎት ይኑር፤ ከዕዳው የተረፈው ገንዘብ ሳይውል ሳያድር ለባለቤቱ ይመለስ ነው። ከመረጣችሁን ይህንኑ የማሻሻያ ረቂቅ ለምክር ቤት እናቀርባለን። እስከዚያው ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ማስጠንቀቂያ የደረሳችሁንም ቀን መዝግባችሁ ያዙ።