ትንሹ ቀዳዳና ረጅሙ መንገድ፦ ከተረከዝ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለ ማገገም

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ተረከዝ ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ ከአዳራሹ ክብር ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሰው ቆሞ የሚሠራውም፣ ቆሞ የሚጸልየውም፣ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀውም በተረከዙ ላይ ነው።

ንግግሬ በሦስት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል። አንደኛ፣ ተረከዝ ለወራትና ለዓመታት የሚታመመው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ከጣት ጥፍር በማይበልጥ ቀዳዳ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ለማገገም ስለ ምን ብዙ ወራት ይጠይቃል? ሦስተኛ፣ ያን የማገገሚያ ጊዜ የሚያገኘው ማን ነው? የአካል አወቃቀር መምህር እንደ መሆኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ለዓመታት በክፍል ውስጥ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ሦስተኛውን ያስተማረኝ ግን ከፒያሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ነው።

ከአካሉ እንጀምር። ከተረከዝ አጥንት የውስጥ ጎን ጉብታ ተነሥቶ እስከ እግር ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ነጭና ጠንካራ ሽፋን አለ፤ በሕክምና ቋንቋ ፕላንታር ፋሺያ ይባላል። የእግራችንን ቅስት እንደ ደጋን አውታር ወጥሮ የሚይዘው እርሱ ነው። በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ሂክስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጥናት የዚህን ሽፋን ሥራ ከጉድጓድ ባልዲ ከሚስብ መጠቅለያ ጋር አመሳስሎታል። ስንራመድ ጣቶቻችን ወደ ላይ ሲታጠፉ ሽፋኑ በጣቶቹ ሥር ይጠቀለላል፤ ቅስቱም ከፍ ይላል፤ እግራችን ጠንክሮ ወደ ፊት ይገፋናል። ይህ በእያንዳንዱ እርምጃ፣ በቀን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል።

ሸክሙ ከአቅም ሲበልጥ፣ ወይም ከሥራው በኋላ ዕረፍት ሲጠፋ፣ ሽፋኑ ተረከዙን በሚይዝበት ቦታ ላይ ይጎዳል። ለረጅም ጊዜ ይህ ሕመም «ብግነት» ተብሎ ይጠራ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2003 ሌሞንት የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በቀዶ ሕክምና ከተወሰዱ 50 ናሙናዎች ያገኘው ብግነትን ሳይሆን የሽፋኑን ማርጀትና መበጣጠስ ነበር። ይህ የስም ለውጥ ብቻ አይደለም። ብግነት ቢሆን ኖሮ በመድኃኒት እናበርደው ነበር፤ ያረጀ ጅማት ግን ቀስ በቀስ በሚጨመር ሸክም እንደ ገና መሠራት አለበት። በራጅ ላይ የሚታየውና ብዙ ሰው የሚፈራው «የአጥንት እሾህ» ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎችም ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ በአብዛኛው እርሱን ወንጀለኛ ማድረግ አይቻልም።

ከ10 ሰዎች አንዱ ያህል በሕይወት ዘመኑ ይህን ሕመም ያየዋል ተብሎ ይገመታል። ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ ከታማሚዎቹ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላቸዋል። በመሆኑም ስለ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ወር ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር ነው። እኔ ከጥቂቶቹ ወገን ሆንሁ። የቀኝ ተረከዜ ለ14 ወር ታመመ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያው እርምጃ ምስማር የመርገጥ ያህል ነበር፤ ጥቂት ስራመድ ይለዝባል፤ ለሁለት ሰዓት ቆሜ ካስተማርሁ በኋላ ይመለሳል። ባቴንና የውስጥ እግሬን የማሳሳቡን፣ የጫማ ድጋፉን፣ የሌሊት ማሰሪያውን፣ የማጠናከሪያ እንቅስቃሴውን በተራ ተጠቀምሁ። የስቴሮይድ መርፌም አንድ ጊዜ ተወጋሁ፤ ለስድስት ሳምንት ያህል አስታገሰልኝ። ሐኪሜ ግን አልደገመውም፤ መደጋገሙ ሽፋኑን ሊበጥስ፣ ከተረከዝ ሥር ያለውንም የስብ ትራስ ሊያሳሳ ይችላልና።

በመጨረሻ የተመረጠልኝ በኢንዶስኮፕ የሚደረገው ዘዴ ነበር። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የተስፋፋ ነው። በተረከዙ ግራና ቀኝ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ በአንዱ ካሜራ፣ በሌላው ስለት ይገባል። የሚቆረጠው የሽፋኑ የውስጥ ጎን ብቻ ነው፤ ከሢሶው እስከ ግማሹ። ከዚያ ካለፈ ቅስቱ ይላላል፤ ሸክሙም ወደ እግሩ የውጭ ጎን ይዞራል። እንግዲህ የሐኪሙ ጥበብ በሚቆርጠው ብቻ ሳይሆን በሚተወውም ይለካል። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ በዚያው ቀን ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሸጋገር። ሊጠይቁኝ የመጡት ጎረቤቶቼ ሁሉ በአንድ ቃል የተናገሩት «ተመስገን፣ ቀላል ነው» የሚል ነበር። ቀዳዳውን ላየ ሰው እውነት ነው። ነገር ግን ቆዳውና ጅማቱ በተለያየ የዘመን አቆጣጠር ይድናሉ። ቆዳው በሁለት ሳምንት ገጥሞ ስፌቱ ይወጣል። የተቆረጠው ሽፋን ግን ክፍተቱን በጠባሳ ይሞላል፤ ያ ጠባሳ ሸክም መሸከም እስኪማር ድረስ ወራት ይፈልጋል፤ እስከ ዓመትም ይዘልቃል።

የእኔ መንገድ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት እግሬን ከፍ አድርጌ አሳለፍሁ፤ ለመጸዳጃ ቤት ብቻ በመከላከያ ጫማና በክራንች እነሣለሁ። ባቴ እንዳያብጥና ደም እንዳይረጋ ጣቶቼንና ቁርጭምጭሚቴን በየሰዓቱ አንቀሳቅሳለሁ። በዚያ ሳምንት አንድ ዘመድ ወጌሻ ሊያመጡልኝ ፈለጉ። ፍቅራቸውን አከበርሁ፤ የወጌሻን ሙያም አላቃልልም። ነገር ግን ያልገጠመ ቁስልና ያልጸና ጠባሳ እሽት አይችልም። በአራተኛው ሳምንት ወፍራም ሶል ያለው ተራ ጫማ አደረግሁ። በስድስተኛው ሳምንት ተረከዜ ሲሻለው የእግሬ የውጭ ጎን መታመም ጀመረ። ይህ የሸክሙ መዞር ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜም እርምጃን ቀነስ በማድረግ ያልፋል። ማስጠንቀቂያ ያልተሰጠው ታካሚ ግን ቀዶ ሕክምናው የከሸፈ ይመስለዋል።

መለኪያዬ ሰፈሬ ነበር። አራዳ ሜዳ አይደለም። ከፒያሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቁልቁል ነው፤ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ዳገት ይጀምራል። ሊቃውንት በቤተ ሙከራ በሚያዘነብል ሰሌዳ ላይ የሚፈትኑትን ጎዳናው በነጻ ይፈትነዋል፦ ዳገት ባትንና ሽፋኑን ይወጥራል፤ ቁልቁለት ተረከዝን ይመታል። በሁለተኛው ወር እስከ ድልድዩ ወርጄ በታክሲ ተመለስሁ። በሦስተኛው ወር በእግሬ ወጣሁ። በአራተኛው ወር ሳይታሰብ አንድ ሳምንት ሙሉ ሕመሙ ተመለሰ፤ ከዚያም ለቀቀኝ። ማገገም ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ታካሚው የሚመዝነው ትናንትን ከዛሬ ጋር ሳይሆን ይህን ወር ካለፈው ወር ጋር መሆን አለበት።

በአገራችን ስለ ተረከዝ ሲነሣ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንድ 9 ብቻ ቀድሞ ወርቅ ሲያገኝ የአኪለስ ጅማቱ ታሞ ነበር። ያ ጅማት ተረከዝን ከኋላ የሚይዝ ነው፤ ሕመሙም ከእኔው የተለየ ነው፤ የማገገሙ ሕግ ግን ተመሳሳይ ነው። በዚያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ወር በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ዘመኑ ያለፈ መስሎን አዘንን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 በብሪስቶል የዓለም ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የጠነከረ እግር፣ ምርጥ ሕክምናና ሙሉ ጊዜ ያለው ሰው እንኳ ወደ አሸናፊነት ለመመለስ አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል ማለት ነው። ታዲያ ከተራው ሰው በሁለት ሳምንት መዳንን የምንጠብቀው በምን ሒሳብ ነው?

ይህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ያደርሰኛል። በሦስተኛው ወር ልምምዴ ላይ፣ ከድልድዩ አጠገብ ቆመው ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት አካሄዴን አይተው ጠሩኝ።

«መምህር፣ እግርዎን ምን ነካዎት?»

ነገርኋቸው። ጠዋት ስነሣ ምስማር የረገጥሁ ያህል ነበር ስላቸው ሣቁ።

«የእኔው ነው! ሦስት ዓመቱ። እርስዎ ታዲያ ስንት ጊዜ ተኙ?»

«ከሥራ ሁለት ወር ቀርቻለሁ፣ እትዬ።»

ጥቂት ዝም አሉ። «እኔ ሁለት ወር ከተኛሁ ቤቱም አብሮኝ ይተኛል» አሉኝ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከብዙ የሕክምና መጽሐፍ ይልቅ አስበዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፦ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን አሠሪ የሌለውን ሰው አያውቀውም። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ እስኪዛወር ድረስ በዚያ አካባቢ ኩንታል ሲሸከሙ የኖሩት፣ በመንገድ ዳር ቆመው የሚነግዱት፣ በቀን ሥራ የሚያድሩት ሁሉ ተረከዛቸው ሲታመም የሚጽፉለት የፈቃድ ቅጽ የለም። ሕመሙን የሚያመጣው ረጅም መቆምና ሸክም ነው፤ ፈውሱ የሚጠይቀው ዕረፍት ነው፤ ስለዚህ በሕመሙ ይበልጥ የሚጠቁት ፈውሱን ለማግኘት ከሁሉ የራቁት ናቸው። ቀዳዳውን ማጥበብ የሐኪም ሥራ ነው። ይህን ርቀት ማጥበብ ግን የሁላችን ነው።

እኒያን እናት በባዶ ርኅራኄ መሰናበት አልፈለግሁም። ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው በር እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዴንማርክ የተሠራ ጥናት ያሳየውን እንቅስቃሴ በድልድዩ ዳር ባለ ደረጃ ላይ አብረን ሞከርነው፦ ከጣቶች ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ ማድረግ፣ በሦስት ሰከንድ ቀስ ብሎ በጣት መነሣት፣ ሁለት ሰከንድ መቆየት፣ በሦስት ሰከንድ መውረድ፤ ቀን እየዘለሉ መደጋገም። በጥናቱ ይህን ያደረጉት ታማሚዎች በሦስት ወር ውስጥ ጅማት ከማሳሳብ ብቻ የበለጠ መሻሻል አሳይተዋል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ጣቶቻቸውን በእጃቸው ወደ ላይ እየሳቡ የውስጥ እግራቸውን እንዲያሳስቡም ነገርኋቸው። ሌላው ምክሬ በርጩማ ነበር። መጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ «ተቀምጦ የሚሸጥ ነጋዴ ሰነፍ ይመስላል» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የእኛ ባህል ረጅም ሰዓት የሚቆም ሰው ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ከጥንት ያውቃል። ሊቃውንቱ በማሕሌት በመቋሚያቸው ዜማውን ይመሩበታል፤ ሲደክማቸውም ይደገፉበታል። ማንም ሰነፎች አላላቸውም። ለሻጯ በርጩማ፣ ለጥበቃው ወንበር፣ ለመምህሩም ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ መቀመጫ የማይፈቀድበት ምክንያት የለም። እኒያ እናት ከሁለት ወር በኋላ በርጩማው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ጠዋቱ ተሽሎኛል፤ ማታው ገና ነው» አሉኝ። ለማገገም ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ሪፖርት አልሰማሁም።

ለተማሪዎቻችን ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። በመጀመሪያ፣ ታካሚውን ስለ እግሩ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ቀኑ ጠይቁት፤ ስንት ሰዓት ይቆማል? ቤቱ ዳገት ላይ ነው ወይ? ቢተኛ ማን ይሠራለታል? ቀጥሎ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በየሳምንቱ የሚጠበቀውን፣ የሚመለሰውን ሕመም ጨምሮ፣ በሚያነበው ቋንቋ ጽፋችሁ ስጡት፤ ትኩሳት፣ መግል፣ የባት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ እንዲመጣ ንገሩት። በመጨረሻም፣ «ቀላል» የሚለውን ቃል ለቀዳዳው እንጂ ለማገገሙ አትጠቀሙበት።

የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችንም አልረሳሁም። አሠሪ የሌለው ሰው የሚያርፍበትን መንገድ መቀየስ የእናንተ የምርምር ድርሻ ነው። ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» ይባሉ ነበር። በስማቸው በተጠራው ድልድይ ላይ በየቀኑ የሚቆሙት ሰዎች እናንተም መላ እንድትፈልጉላቸው ይጠብቃሉ።