ያገለገለ የስፖርት አውቶሞቢል ምርመራ በልደታ



በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገዱ ወዲህ፣ በልደታ ለሽያጭ የሚቀርብ ቢ.ኤም.ደብልዩ ወይም መርሴዲስ ዋጋው የሚጸናው በእጥረት ጭምር ነው። ስለዚህም ውድነቱ የጤንነቱ ምስክር አይሆንም።

መርማሪው አስቀድሞ ከፍታውን ያስባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች እንደ መሆኗ መጠን፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ፋብሪካው 200 የፈረስ ጉልበት ያለው እዚህ 150 ገደማ ነው። ቱርቦ ያለው ጉድለቱን በአብዛኛው ይሞላል፤ ነገር ግን ቱርቦው አብዝቶ ስለሚሽከረከር ይበልጥ ይግላል። እንግዲህ ዳገት ላይ የደከመ ሁሉ ታማሚ አይደለም። የሲሊንደሮቹ ግፊት ተቀራራቢ ከሆነ ድካሙ ከአየሩ መሳሳት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ካነሰ ግን ጉዳቱ የሞተሩ ነው።

ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሣ፤ የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ ዝቅ ብሎ የተሠራ በመሆኑ በጎዳና ጉብታ የሚመታው ሥሩ ይታይ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ቢዋሽ፣ የተበላ ፔዳል እውነቱን ያወጣል።

በግምት ወረቀቱ ላይ የሚፈርም መሐንዲስ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ በእጁ ነው። ያልመረመረውን ክፍል «አልተመረመረም» ብሎ ይጻፍ፤ ይህ ቃል ሙያን አያሳንስም፤ ገዢንም ሻጭንም ያስከብራል።