የጉማራ ግድብና የጣና ዓሦች



ከጉና ተራራ ተነሥቶ የደራንና የፎገራን ምድር እያጠጣ ጣና ስለሚገባው ስለ ጉማራ ወንዝ ልናገር ነው። በወንዙ ላይ የመስኖ ግድብ የመሥራት ሐሳብ ከተጠነሰሰ ቆይቷል። ጎረቤቱ ርብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ታቅዶ ቀድሞ ተገድቧል።

በበጋ ማሳው የሚደርቅበት ገበሬ ውኃ አያግኝ የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ጭቅጭቄ ሌላ ነው። ግድብ በተነሣ ቁጥር «ለወንዙ ስንት ውኃ ይቀርለታል?» እንላለን፤ «መቼ?» የሚል ግን እምብዛም አይሰማም።

በጣና ላቤዮባርበስ የሚባሉ ትልልቅ ዓሦች አሉ። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው፣ አብዛኞቹ ዝርያዎች ከጣና ተፋሰስ በቀር በዓለም የትም አይገኙም። ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዓይነት ገባሮች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ንጹሕ ውኃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ደለሉን ጠርጎ የሚወስደው፣ ዓሣውንም ለጉዞ የሚያነሣው የክረምቱ ሙላት ነው።

ግድብ ደግሞ ውኃ የሚያጠራቅመው በእነዚሁ ወራት ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ይይዛል፤ በበጋ ይለቃል። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ቢፈስ እንኳ ዓሣው ሊመክን ይችላል። ለዓሣ መውጫ ደረጃ እንሥራ የሚሉ አሉ፤ ከግድቡ በታች ያለው ጠጠር በደለል ከተቀበረ ደረጃው የወጪ መዝገብ ማሳመሪያ ብቻ ይሆናል።

ሙላቱ የሚያገለግለው ዓሣን ብቻ አይደለም። የፎገራ ረግረግ የሚርሰው በእሱ ነው፤ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት፣ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጃጅም እግር ወፎችም ከዚያው ሜዳ ይመገባሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ዓሣውን መጉዳት የጀመረው ግድብ አይደለም። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት፣ ገባሮቹ ገና ሳይገደቡ፣ የጣና ላቤዮባርበስ ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል አሽቆልቁሏል። ዋናው ምክንያት ለመራባት በወንዝ አፍ የሚሰበሰቡትን ዓሦች በመረብ መጥረግ ነበር። ይህ ግን ለግድቡ ማመካኛ አይሆንም፤ የተዳከመ ዘር ሁለተኛ ምት አይቋቋምም።

ስለዚህ ለመሐንዲሶቹና ለውሳኔ ሰጪዎቹ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ የጉማራ ግድብ መሠረት ከመጣሉ በፊት ዓሦቹ የሚራቡበት ስፍራ በካርታ ይለይ። በክረምት ምን ያህል ውኃ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚለቀቅም በግንባታው ውል ውስጥ ይጻፍ፤ የደራና የፎገራ ገበሬም፣ የጣና ዓሣ አጥማጅም አስቀድሞ ይወቀው።