የአሠሪ ጠበቃና የመዝገብ ቤት ወረቀት
(ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በኛ በአውቶቡስ ተራ ሰፈር ቀጣሪም ተቀጣሪም ሞልቷል። ባለሱቁ፣ ባለጋራዡ፣ ባለምግብ ቤቱ አንድ ሁለት ሰው ያሠራል፤ ልጆቻችንም እዚያው ሠርተው ያድራሉ። ለለቅሶ አንድ ድንኳን ሥር የምንቀመጥ ሰዎች ፍርድ ቤት ከሳሽና ተከሳሽ ሆነን እንዳንገናኝ ስለ አሠሪ ጠበቃ ሥራ ጥቂት ብንነጋገር መልካም ነው።

ብዙ ሰው የአሠሪ ጠበቃ ሲባል የድኻ እንጀራ ለመንጠቅ የተቀጠረ አፈኛ ይመስለዋል። እኛ መዝገብ ቤት የሠራን ጸሐፊዎች የምናውቀው ጠበቃ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ፋይሉ የታለ?» ብሎ ነው። ፋይሉ ባዶ ከሆነ ደኅና ጠበቃ አሠሪውን አያሞኘውም፤ «ታረቅና ክፈል» ይለዋል።

ሕጉም አንድ ቦታ አልቆመም። በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ፤ በ1968 ቁጥር 64፣ በ1985 ቁጥር 42፣ በ1996 ቁጥር 377 ተተኩ። ዛሬ የሚሠራበት የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ጠበቃ ሆኖ ዕድሜውን በዚህ ሥራ የጨረሰ ሰው ደጋግሞ ተማሪ ሆኗል ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እናንሳ። ሠራተኛው ከሥራ ይቀራል፤ አሠሪው ተናዶ «ሂድ፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ» ይለዋል። ሕጉ ግን እንዲህ በንዴት አይሠራም። ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ቀርቶ መገኘት አለበት። አሠሪውም ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ያልፋል። የስንብቱ ደብዳቤ ምክንያቱንና ቀኑን መግለጽ አለበት። ይህ ሁሉ ከሌለ ጠበቃው ምን ይዞ ይሟገት? ሠራተኛው ወደ ሥራው ይመለስ ከተባለ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር፣ በይግባኝ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊፈረድለት ይችላል። ለአንድ ትንሽ ሱቅ ይህ መዘጋት ነው።

ሠራተኛውም ቢሆን ልብ ይበል። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ ይጠሩኛል» እያሉ ሰፈር መቀመጥ መብትን ያስበላል።

እድራችንም ዘበኛና ዕቃ ጠባቂ ያሠራል። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የተቀጠረ ሁሉ ሥራውንና ደመወዙን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ይኑረው፤ የጽሑፍ ውል ከሌለ ሕጉ ይህን በ15 ቀን ውስጥ ስጡ ይላል። ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያ በአፍ አይሁን። ሦስተኛ፣ ሰው ሲሰናበት ሒሳቡ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈለው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አንድ ወረቀት በጊዜው ቢጻፍ አሠሪውን ከኪሳራ፣ ሠራተኛውን ከመንከራተት፣ ጎረቤትን ከቂም ያድናል።