ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አሠራር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርለት የመረጥነው፥ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ አሠራሩን ግን ልብ ያላለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሚገኘው በላስታ፥ ከላሊበላ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ የጥድ ደን በከበበው ትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው። በ12ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ያሠራውም ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ፥ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ እንደ ሆነ ይነገራል።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ይህ ግን በዋሻ ውስጥ ይሁን እንጂ የተገነባ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፥ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ይወጣል፤ ከሩቅ ላየው የተሸመነ ይመስላል። እንጨቱ ለጌጥ ብቻ አልገባም። በአክሱም ዘመን አሠራር ድንጋይ የሚያያዘው በጭቃ ነበርና፥ ግድግዳው እንዳይከፈት እንጨቱ እንደ መቀነት ያስረዋል። ይኸው ጥበብ በደብረ ዳሞም ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በላሊበላ ቤተ አማኑኤልን የጠረበው ሰው፥ ሕንፃው ከአንድ አለት ስለ ሆነ መቀነት አያስፈልገውም ነበር። ሆኖም የእንጨቱንና የድንጋዩን ረድፍ በአለቱ ላይ ቀርጾ አሳየ። በአክሱም ሐውልት ላይ የተቀረጸው የወራጅ ጫፍም እንዲሁ ነው። አናጢው በግድ ያስገባውን ጠራቢው በውድ ደገመው። እንግዲህ ይምርሐነ ክርስቶስን ያላየ ተማሪ የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ ትርጉም ለማወቅ ይቸገራል።

በውስጡ ጣሪያው በእንጨት ሥራ ያጌጠ ነው። በአገራችን ካሉት የግድግዳ ሥዕሎች ከጥንታውያኑ የሚቆጠሩም አሉበት፤ ነገር ግን ጠቁረው ለማየት ያስቸግራሉ። ዋሻው ዝናቡንና ፀሐዩን ከልክሎ እንጨቱን 800 ዓመት ያህል አቆየልን፤ የጧፉንና የዕጣኑን ጢስ ግን አብሮ አቆየው። በስተ ኋላ የብዙ ምእመናን ዐፅም አለ። (ጎብኚ እያበራ ፎቶግራፍ ሲያነሣው ማየት ደስ አያሰኝም፤ መቃብር ነውና።)

በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ ከተማ 11 አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ይህ በዚያ መዝገብ አልገባም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 91 ታሪካዊ ቦታዎችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ ነው ይላል። ዜጋ ሁሉ ካለ ተማሪም አለበት።

የግሪክን ዓምድ ዶሪክ፥ አዮኒክ፥ ቆሮንቶስ እያልን ከነስሙ እንጠራለን። ይህ ወራጅ፥ ይህ መቃን በላስታ አናጢ አፍ ምን እንደሚባል የጻፍን ግን ስንቶቻችን ነን? ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ስሙም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ሜትር፥ እርሳስና ወረቀት ይዘው የሚሄዱ 6 ተማሪዎችና አንድ የሥነ ሕንፃ መምህር ይበቃሉ። በክረምት መንገዱ ስለሚከፋ ጉዞው በጥር ቢሆን ይሻላል። አስቀድመን አስተዳዳሪውንና ገበዙን እናስፈቅዳለን። ሥዕሉን አንነካም፥ እናጥራውም አንልም፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው። እንለካለን፥ እንስላለን፥ የሚነግሩንን እንጽፋለን። ለመሄድ የሚፈቅዱ ሁሉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡ።