ባሕር ያልደረሰ ወንዝ
(ስለ አዋሽ የተደረገ ንግግር)



ወንዝ ሁሉ መነሻና መድረሻ አለው። የብዙዎቹ መድረሻ ባሕር ነው፤ ዐባይም የተሸከመውን ይዞ አገሩን ለቆ ይሄዳል። አዋሽ ግን በኢትዮጵያ ደጋ ተወልዶ ባሕር ሳያይ የሚቀር ወንዝ ነው። ስለዚህ ጠባዩን ለማወቅ የሚወድ ሰው መነሻውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም መመልከት ይገባዋል።

አዋሽ የሚመነጨው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ነው። ከዚያ ወርዶ በበቾ ሜዳ ላይ በዝግታ ይጓዛል፤ ክረምት ሲበረታም ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ ውሃው ሲጐድል ጥቁሩ መሬት ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። በመልካ ቁንጡሬ ዳርቻው የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል። ቀጥሎም ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ አቃቂና ሞጆ፥ ዝቅ ብሎም ከሰም፥ ቦርከናና ሚሌ ይገብሩለታል። ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ሸንኰራውም የሚጠጣው የአዋሽን ውሃ ነው። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተፈጽሞ ወንዙ መብራት ሰጠ። የአዳማም ሕዝብ የመጠጥ ውሃውን የሚቀዳው ከዚሁ ወንዝ ነው።

ከዚያ በታች በፈንታሌ ተራራ አገር ፏፏቴ ሠርቶ ወደ ጥልቅ ገደል ይገባል። በውሃው አዞ ይኖራል፤ በሜዳው ሳላ ይሰማራል፤ በፍል ውሃውም ዙሪያ ዘንባባ ቆሞ ይታያል። ወደ አፋር በረሃ ሲደርስ ዝናብ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በደጋ የዘነበው ዝናብ በአዋሽ መንገድ መጥቶ የአፋሩን ግመልና ላም ያጠጣል። በመጨረሻም በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ካለው ከአቤ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ውሃውን ፀሐይ ይወስደዋል፤ ጨዉ ግን በስፍራው ይቀራል።

የነገሩም ቁም ነገር በዚህ ነው። መውጫ የሌለው ወንዝ የተቀበለውን ወደ ሌላ አገር አይጥልም። ዛፉ ከተቈረጠበት ተዳፋት ታጥቦ የወረደው አፈር በቆቃ ሐይቅ ተከማችቶ የውሃውን ስፍራ ይዞበታል። ከከተማ የሚወጣው እድፍና የቆዳ ፋብሪካ እጣቢም በአቃቂና በሞጆ በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል፤ ለጐርፉ ኃይል የሆነው ከደጋ የወረደው ዝናብ ነበር።

እንግዲህ የደጋው ሰው ወደ ወንዝ የሚጥለው ነገር ለቆላው ወንድሙ መጠጥ እንደሚሆን ያስብ። አባቶች በየደብሩ አጸድ ጽዱንና ወይራውን ሳያስቈርጡ በመጠበቃቸው፥ በዙሪያው ያለው መሬት በተራቈተበት ስፍራ እንኳ በዛፉ ሥር ያለው አፈር ሳይታጠብ ቈይቷል። ይህ ጥበቃ ከአጸዱ ቅጥር አልፎ እስከ ተዳፋቱና እስከ ምንጩ ቢደርስ፥ ጥቅሙ ደብሩን ፈጽሞ ለማያውቀው ለበረሃው እረኛም ይተርፋል።